ያልሰረቅኩት ስም

ካዛንቺስ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ አራት ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ ኃላፊ። መዝገብ ቤታችን ምድር ቤት ነው። አቧራው ሳል ያስይዛል፣ መስኮቱም ከመንገደኛ እግር በቀር ምንም አያሳይም፤ እኔ ግን እወደው ነበር። የሠራተኛው ሁሉ ፋይል እኔ ጋ ነው። ማን ሁለት ጊዜ እንዳገባ፣ ማን ዕድሜውን እንደቀነሰ፣ ማን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳለበት አውቃለሁ። ስለዚህ ሰው ያከብረኛል፤ ወይም ይፈራኛል፤ ልዩነቱን አጣርቼ አላውቅም። ደረቅ ነበርኩ። ፎቶ የጎደለው ማመልከቻ ይዞ የመጣን ሰው፣ ስንት ሰዓት ተሰልፎ እንደመጣ እያየሁ፣ ከደጅ እመልሰው ነበር።

በሀሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተያዘ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሥራ ሲሰናበት ፋይሉን ተሸክሜ ወደ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደረጃው መካከል ላይ ቁጭ አልኩ። "ጋሽ ደሳለኝ፣ ደም ግፊትዎን ይታዩ" አሉኝ። እታያለሁ አልኳቸው።

እንግዲህ ያኔ እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። ባለፈው ታኅሣሥ፣ አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ጥበቃው ከበር ደወለና አንዲት ልጅ እንደምትፈልገኝ፣ ዘመድ ነኝ እንደምትል ነገረኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የለኝም። ፋይል የጠፋባት ባለጉዳይ ትሆናለች ብዬ እያጉረመረምኩ ወጣሁ።

ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት የነበረው ሰፈር ፈርሶ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። ልጅቷ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ገና ሳትናገር ግራ ቅንድቧን አየሁት፤ ከቀኙ ከፍ ብሎ የተሳለ፣ ዝም ስትል እንኳ የሆነ ነገር የምትጠይቅ የሚያስመስላት። ያንን ቅንድብ አውቀዋለሁ።

"ማህሌት ደሳለኝ እባላለሁ" አለች።

እጇን ጨበጥኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። የምትኖረው ከአዲስ አበባ ውጭ ነው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ጓደኛዋ ለጉዳይ መሥሪያ ቤታችን መጥታ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የደረጃ ዕድገት ዝርዝር አይታ፣ ፎቶ አንስታ ላከችላት። ደሳለኝ ወርቅነህ ብሩ። የአባቷ ስም እስከ አያቱ ድረስ ሦስቱም ገጠመ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ መሬት መሬቱን እያየች ነው።

"ምንም ልጠይቅዎት አልመጣሁም" አለች። "ማለቴ፣ ያሳደገችኝ እናት አለችኝ፣ ሥራ አለኝ፣ በቃ አልተቸገርኩም። ጥር ላይ በቁርባን ላገባ ነው። የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ዝምድና እንዳይኖር በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። በእናቴ በኩል ቆጠርን። በአባቴ በኩል ግን ከብሩ በላይ አንዱን እንኳ መሙላት አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ዝም አልኩ።"

እናቷ አዲስዓለም እንደምትባል ነገረችኝ። ስለ አባቷ በተጠየቀች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች አለች። ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ ሽማግሌ ልላክ ብሎ ወጣ፣ እንደወጣም ቀረ፤ እኔንም በሆዴ ያለሽውንም ከዳን። ከዚህ ሌላ ነገር ከእናቷ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

አባትሽ አይደለሁም አላልኩም። ነኝም አላልኩም። አሁን ስብሰባ አለብኝ፣ አርብ ተመለሺ አልኳት። አመሰገነችኝ። ስብሰባ አልነበረኝም።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ደሳለኝ አይደለሁም። ስሜ አበራ ነው። ደሳለኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ አዲስዓለም በምትኖርበት ትንሽ ከተማ ጊዜያዊ መምህር ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ አንድ ሐምሌ ወደ ቤት መጣ። ሽማግሌ የሚላክላት ልጅ አለች ብሎ ለአባቴ ነገረው። አብሮት ግን ወባ መጥቶ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። አጠገቡ የምተኛው እኔ ነበርኩ፤ ሲቃዥ የጠራው የእናታችንን ስም አልነበረም። "አዲስዓለም፣ መጣሁ" ይል ነበር።

እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሰ የቤታችን ተስፋ ነው። እኔ በፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥኩ። ከአርባው በኋላ አባቴ የደሳለኝን የትምህርት ማስረጃ ከሣጥን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። በመካከላችን የሁለት ዓመት ልዩነት ብቻ ነው፤ መልካችንም ይቀራረባል። "እሱ ቢቀር ወረቀቱ ይብላልን" አለ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሞቱ ያስተምርበት በነበረው አገር ባይሰማ ይሻላል" አለኝ። ስለዚህ ለዚያች ልጅ መልእክተኛ አልላክንም። ሐዘን ላይ ነበርን ብዬ ስንት ዓመት ራሴን ሸንግያለሁ። ሐዘን አልነበረም፤ ሆን ብለን ነው።

በዚያ ወረቀት ተቀጠርኩ። በዚያ ስም ማታ ተምሬ ዲፕሎማ ያዝኩ። በዚያ ስም ጽጌን አገባሁ። ለሠርጌ ከአገር ቤት የመጡት ሁለት አጎቶቼ ብቻ ነበሩ፤ አባቴ ሳይሞት ምስጢሩን በቃል አስሯቸው ስለነበር ሙሉ ቀን ደሳለኝ እያሉ ሲጠሩኝ ዋሉ። አንደኛው በጠራኝ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። የጽጌ ዘመዶች በደስታ ነው ብለው ወደዱት።

የዚያን ዕለት ረቡዕ ከካዛንቺስ ቂርቆስ እስካለው ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ ፈራሁ። ቤት ስደርስ ልጄ ዮናታን ጠረጴዛው ላይ ያጠናል። ደብተሩ ላይ በትልልቁ "ዮናታን ደሳለኝ" ተጽፏል። እህቱ ቤተልሔም ደሳለኝ ነች። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ የእኔ ልጆች ግን ሳያውቁ በአጎታቸው ስም ይጠራሉ። ስሙን በሐቅ የያዘች አንዲት ልጅ ብትኖር ከቆርቆሮ አጥር ሥር አርብ ነይ ብዬ የመለስኳት እሷ ነች።

እራት አልወርድ አለኝ። "ደሱ፣ ምን ሆነሃል?" አለች ጽጌ። እናቴም ወንድሜን ደሱ ነበር የምትለው። ምንም አልኳት።

በዚያ ሌሊት ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው። እኔና ደሳለኝ የአንድ አባት ልጆች ነን። ወርቅነህ፣ ብሩ፣ እንግዳ፣ ረታ እያልኩ ወደ ላይ ብቆጥርላት ሁሉም እውነት ነው። ውሸቱ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ቦታ። አባትሽ ነኝ ብላት፣ አጥፍቻለሁ ብዬ እግሯ ላይ ብወድቅ፣ ቆጠራው ይሞላል፣ ሠርጓ ያምራል፣ ሥራዬም አይነካም። ጽጌ ለሁለት ወር ታኮርፋለች፣ ከዚያ ይበርዳል። እንዲያውም ደግ ሥራ መሰለኝ። ሰው ሲጨንቀው ክፋቱን ደግነት አድርጎ ለመስፋት ምን ያህል ብልሃተኛ እንደሚሆን ያኔ አየሁ።

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴ መምሬ ኃይሉ ከአጥሩ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አባቴ ይፍቱኝ አልኩ፣ መስቀል አሳለሙኝ። ንስሐ ሲያስገቡኝ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። የዚያን ቀን ነገርኳቸው። እስክጨርስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁ።

"እስከ ዛሬ የፈታሁህ በክርስትና ስምህ ነው። ወልደ ገብርኤል የማን ነው?"

"የራሴ ነው አባቴ። እሱን እንኳ አልወሰድኩበትም።"

እንዴት እንዳልወሰድኩ ሳስበው ገረመኝ። የልደት ቀኑን፣ ውጤቱን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት ሁሉ በቃሌ አጥንቻለሁ። የክርስትና ስም ግን በየትኛውም ማስረጃ ላይ ስለማይጻፍ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ካህናት ሲጠይቁኝ ደግሞ የተነሣሁበትን ስም ተናገርኩ። ሰውን መዋሸት የለመደው አፌ እዚያ ላይ አልታዘዝ ብሎኝ ይሆናል፤ አላውቅም።

"እንግዲያው እግዚአብሔር ማንን እንደሚፈታ ያውቅ ነበር" አሉ መምሬ። "የማያውቁት ሰዎቹ ናቸው። ቀኖና እሰጥሃለሁ። ግን ልጅቷ አባቷን እየፈለገች አንተ እዚህ ስግደት ብትቆጥር ምን ይረባታል?"

"ሥራዬን አጣለሁ። እታሰር ይሆናል። ልጆቼ ገና ተማሪዎች ናቸው።"

"አዎ" አሉ።

ሌላ ነገር ሲሉ ጠበቅኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አይዞህ፣ የሆነ ነገር። አላሉም። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ተነሡ። እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ተቀምጬ ከአርብ የማመልጥበትን መንገድ ስፈልግ ቆየሁ። ታምሜያለሁ ልበል፣ ስልኬን ልዝጋ፣ ዝውውር ልጠይቅ። ምንም ሳልወስን ወደ ቤት አዘገምኩ።

አርብ እስኪደርስ አልጠበቀችኝም። ከበራችን ላይ የማላውቀው የሴት ጫማ ወልቆ ተቀምጧል። ገባሁ። ማህሌት ሶፋው ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ቤቴን ነግሯት ነው፤ ነገ ሽማግሌዎቹ መልስ ስለሚጠብቁ ነው፣ ይቅርታ አለችኝ። ጽጌ ፊት ለፊቷ ቆማለች፤ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት አልተመለሱም።

"ደሱ፣ ይህች ልጅ አባቴ ነው ትላለች" አለች ጽጌ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር። ጽጌ ስትቆጣ ትጮኻለች፤ ስትፈራ ነው ቀስ የምትለው።

ጽጌ መልሴን ስታጣ ወደ ልጅቷ ዞረች። አገር ሙሉ ደሳለኝ ነው፣ ወርቅነህም ብሩም ሞልቷል፤ እናትሽ ሌላ ምልክት አልነገረችሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ማህሌት ትንሽ አሰበች። ፎቶ እንደሌላት ተናገረች። ከዚያ አንድ ነገር አስታወሰች።

"የክርስትና ስሙን ታውቃለች" አለች። "ለስለት ስትሄድ በሱ ነበር የምታስጠራው፤ ድሮ፣ ተስፋ ሳትቆርጥ። ኃይለ ሚካኤል ነው።"

ጽጌ ዓይኗ በራ። ቁጭ አለች።

"የኔ ልጅ፣ ተሳስተሻል" አለቻት፤ አሁን ድምፅዋ የእናት ሆኗል። "የሱ ክርስትና ስም ወልደ ገብርኤል ነው። በተክሊላችን ቀን ቄሱ ሲጠሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት በዚሁ ስም አስጠርቻለሁ።"

ልጅቷ ወደ እኔ ተመለከተች። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ እንደዚያች ቃል ንጹሕ እውነት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ነፃ ያወጣችኝም እሷው ነበረች። ዝም ካልኩ አለቀ። ሚስቴ ሳታውቅ በሩን ከፈተችልኝ፣ ልጅቷም ሳታውቅ ራሷ ወጥታ ልትሄድ ነው። ጽጌ እጄን ይዛ ጨመቀችኝ፤ መዳፏ በላብ ርሷል።

ማህሌት አልተከራከረችም። ይቅርታ ጠየቀች፣ ወጣች፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማሰር ጀመረች። ማሰሪያውን ደጋግማ ፈታችው። ቀና ሳትል ተናገረች።

"ቤታችሁን ረበሽኩ። እናቴ ልክ ነበረች። እንዲገኝ የማይፈልግን ሰው ነው የምፈልገው። እዚህ እንዳልመጣሁ፣ ስሙን እንዳላነሣሁ እቆጥረዋለሁ።"

ወንድሜ በዚያ ሐምሌ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ "መጣሁ" ሲል አየሁት። ወደ እሷ ልሂድ ብሎ ሲነሣ ትከሻውን ይዤ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ሰው ስሙን ተቀምቶ ይቀበር ይሆናል፤ በዚያ ላይ ከሃዲ ተብሎ እንዲኖር ማድረግ ግን ሁለተኛ መግደል ነበር።

"አባትሽ አልከዳሽም" አልኩ።

እጄን ከጽጌ እጅ አወጣሁ። ማህሌት እንዳጎነበሰች ቀረች።

"ሞቷል። አንቺ ሳትወለጂ። ሽማግሌ ሊያስልክ መጥቶ ወባ ይዞት በዘጠነኛው ቀን ሞተ። እስከ መጨረሻው የእናትሽን ስም ይጠራ ነበር። እኔ ታናሽ ወንድሙ ነኝ። ስሜ አበራ ነው። ስሙንም ወረቀቱንም የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንዳይታወቅብኝ ነው ለእናትሽ ሳይነገራት የቀረው።"

ማህሌት ደጃፉ ላይ፣ አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ፣ ተቀመጠች። ያለቀሰችው ድምፅ ሳታሰማ ነው። ላነሣት እጄን ብሰድ በክርኗ ገፋችኝ። ጽጌ ወደ ግድግዳው ዞራ እኔን ማን ነው ያገባኝ አለች። በተክሊሉ የተጠራሁት በራሴ ክርስትና ስም ነው፣ ያገባሽ እኔው ነኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

"ይህን ለልጆቼ ራስህ ትነግራቸዋለህ" አለችኝ።

ነገርኳቸው። ቤተልሔም አልገባትም። ዮናታን ደብተሩን ገልብጦ ሽፋኑን ወደ ታች አደረገው።

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ገባሁ፣ የራሴን ፋይል አወጣሁ፣ ማመልከቻ ጽፌ ከላዩ አያያዝኩና ደረጃውን ወጣሁ። በዚህኛው ጊዜ አልተቀመጥኩም። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ምነው ዝም ብትል ኖሮ ጡረታህ ሩቅ አልነበረም አለኝ። በሳምንቱ ተሰናበትኩ። ጉዳዬ ፍርድ ቤት ነው፤ በዋስ ወጥቼ ቀጠሮ እጠብቃለሁ። ጽጌ ቤቱን ጥላ አልወጣችም። ግን በስም አትጠራኝም። ደሱ ማለት አትችልም፤ አበራ ማለት ደግሞ አልወጣላትም። "አንተ" ብቻ ትለኛለች።

ማህሌት ለቆጠራው ጠራችኝ። ለሠርጉ አልጠራችኝም። በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ከደሳለኝ ጀምሬ ሰባቱን ቤት ቆጠርኩ። ደሳለኝ የሚለውን የወንድሜ ስም አድርጌ በአደባባይ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስሙ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ ሽማግሌዎቹም ጠበቁኝ። ዝምድና አልተገኘም።

ስወጣ አዲስዓለም በሩ ላይ ቆማለች። ይቅርታ ልጠይቃት ጎንበስ ስል በእጇ አስቆመችኝ።

"ሃያ አምስት ዓመት የረገምኩት የሞተ ሰው ነው" አለችኝ። "ይቅር በለኝ የምለው እሱ የለም። አንተን ይቅር የምለው ከየት አምጥቼ ነው?"

ቀና ሳልል በአጠገቧ አልፌ ሄድኩ።

ይህን የምታነቡ፣ መናዘዝ ያቀልላል ሲባል ትሰማላችሁ። እኔን አላቀለለኝም። ሥራ የለኝም፣ ልጆቼ ስማቸው ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ማታ ማታ በዚያን ቀን ዝም ብል ኖሮ የሚለው ሐሳብ ይመጣብኛል፤ መጥቶም ቶሎ አይሄድም። ተናገሩም ዝም በሉም ብዬ ልመክራችሁ አልችልም። የማውቀው እኔ የደበቅኩት ነገር ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንዳልነበረ ነው። ሩቅ አገር፣ በማላውቃት ሴት ቤት፣ በየቀኑ ሲያቃጥል ኖሯል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፣ የሞቱባችሁን ስታስጠሩ፣ ኃይለ ሚካኤልንም አብራችሁ አስጠሩልኝ። የእኔን ተዉት፤ እኔ ገና አለሁ።